ደረሰኝ

ከመዘዞ ወዲያ፣ አውቶቡሱ ሲቀር፣
ጋሽ ይርዳውን ይዤ ወጣሁ በገደል ዳር።
ጉም ነው ከታች ሁሉ፤ ቆላው የለም ዛሬ፤
«ባሕሩ ሞላ» አለ፣ «ደሴት ነው አገሬ፣
ዋና ካልቻልክበት፣ አትራቅ ከእግሬ።»

ደረስን ከክምሩ፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ክብ ነው፣
ሣር የበቀለበት፣ ጅብ የቆፈረው።
«ይኼ መቃብር ነው።»
«የማን ነው?» ብለው፣
«ከኛ በፊት የሞተ ሰው ነው።»

የቆመው ሐውልት ጋ ዞረን ስንመጣ፣
ዝናብ ልሶ ልሶት አፍንጫውን አጣ፤
አንድ እጅ፣ የጡት ምልክት፣ ጥቂት ዶቃ ባንገት፣
ደግሞ በስተጀርባው ማጭድ የተሳለበት።
«ማነው የሳለበት?» አልኩት። ሳቀ። «እኔው ነኝ፣
ድሮ፣ ቅርስ ነው ብለው ሳይቆጡኝ።»

ሦስተኛው ሜዳ ነው፤ አመድ አለው ሆዱ።
አጥንት በጫማው ጫፍ ገለጥ አርጎ ከመንገዱ፣
«እዚህ ደግሰዋል፤ ለሙት ነው? ለሹመት?
ፈረንጅ ሲጠይቀኝ ‹ለሹመት ነው› አልኩት፤
ላንተ ግን እውነቱን? እኔ አልነበርኩበት።»

ጉሙ ወደኛ ወጣ፤ ጉልበታችን ሰጠመ፣
ሐውልቱ ብቻውን አንገቱን ሰቅሎ ቆመ።

ልንወርድ ስንል ከኮቱ ኪስ አወጣ፣
ካርቦን ያለው ጥራዝ፣ ጠርዙ የነጣ።
«ስም?» አለኝ። ነገርኩት፤ ነፋስ ቀማው መሰል፣
ምላሱን ነክሶ ጻፈ፣ ፊደል በፊደል።
ሃምሳ ብር። ማኅተም።

ካውቶቡሱ ወንበር ወረቀቱን ሳየው፣
ጥጋቡ ነው ስሜ፤ «ትዕግሥቱ» ነው የሚለው።
አላረምኩትም።
አጥፌ ከደረት ኪሴ ከተትኩት።