ቀን የጣለው ውል

ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
በሰማያዊ ብዕር፣ ጭራው በጥርሴ በተበላ፣
የፈረስ ላብ ሽታ መዳፌን እንደሞላ።
አለቃዬ ኦዴል ፕሩዊት ሁሌም እንዲህ ነበር የሚለኝ፦
«ስም ብቻውን አይቆምም፣ ሌማር፤
ቀን የሌለው ወረቀት ምስክር አይሆነኝ።»

እሁድ ነበር፤ ከቤተክርስቲያን መልስ፣
የአላባማ ሙቀት የጥዱን ሙጫ ሲያፈስ።
ቨርሊን ስቶክሊ መጣች፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ፤
አምስት ቀን የሰው ልጅ ስታመላልስ፣
ቅዳሜን ላውንደሪ ቆማ ስትተኩስ፣
ለራሷ የተረፋት ያው አንድ እሁድ ነው፤
እሱንም ለፈረስ ሰጠችው።

ሠላሳ አምስት ዶላር በዝርዝር ቆጠረች፤
በአንድ እጇ የፈረሱን አፍንጫ እየዳሰሰች
በአንድ እጇ ፈረመች።
«ብወድቅ፣ ብሰበር፣ ከሞት አፋፍ ብደርስ፣
ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ባለጋጣውን አልከስ።»
ማን ያነበዋል ይሄን?
ፈረስ ፊት ቆሞ ሞቱን የሚያነብ ሰው የለም።

ፈረሱ ቢስኪት ይባላል፤ ዳማ ነው፣ ገር ነው።
የኮርቻው ጠፍር ግን አርጅቷል።
ኦዴል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።
«ሰኞ እንቀይረው» ብሎኛል፤ እኔም «እሺ» ብያለሁ።
ሰኞ!
ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጠፍሩ ተበጠሰ፤
ሴትዮዋን ቀን ጣላት፤
ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ።

በማግስቱ ኦዴል እቅፍ አበባ ገዛ።
ከአበባው ሥር ያው ወረቀት፣ አዲስ ቅጂ፤
«ለወጉ ያህል ነው፣ ዛሬ ደግመሽ ፈርሚልኝ እንጂ።
የእሁድን ፊርማ እዚህ አገር ሕጉ አይወደውም አሉኝ፤
በሥራ ቀን ከጸና ግን…» ድምፁ አለቀበት።
እኔ ጫማዬን አየሁ፤ አፈርኩኝ።

ዳሌዋ በብረት፣ ቀኝ እጇ በጀሶ፣
ቀና ብላ አየችው፦
«ሰኞ እኔ ሥራ እገባለሁ፣ ሚስተር ፕሩዊት።
የታለ አውቶቡሴ?»

በስምንተኛው ወር ችሎት ቆምን።
የኦዴል ጠበቃ ወረቀቱን እንደ ጋሻ አነሳ፦
«ፈርማለች! በገዛ እጇ!»
የእሷዋ ጠበቃ፣ ቀጭኗ ሚስ ታልማጅ፣ አልጮኸችም፤
የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ዘረጋች፣
ሌላ ምንም አልሠራችም።
ዳኛው መነጽሩን አወለቀ።
አንድ ሕግ አለ፣ ከአያቶች የቀረ፣ አቧራ የጠገበ፦
እሁድ የታሰረ ውል እንዳልታሰረ ነው፣
ለጽድቅ፣ ለምጽዋት ወይም ለጭንቅ ካልሆነ።
ፈረስ ግልቢያ ጽድቅ አይደለም።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «ይህ ጽሕፈት የማን ነው?»
ኦዴል አየኝ፤ በዓይኑ ለመነኝ አንዲት ቃል፤
ተሳስቼ ነው ብል፣ ሰኞ ነበር ብል፣ ጋጣው ይተርፋል።
እናቴን የቀበረልኝ ሰው ነው።
ሳጥኗን በራሱ ገንዘብ፣ አበባዋን በራሱ እጅ።
«ጽሕፈቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቀኑም እሁድ ነው።»

እንዲህ ነው፤ አንዲት ክር ተመዘዘች፣ ውሉ ጠፋ።
ቨርሊን በምርኩዟ ተነሥታ
«ታዲያ ሠላሳ አምስት ዶላሬስ?» ብትል ችሎቱ ሳቀ።
ዳኛው ግን አልሳቀም፦
«በእሁድ የሄደ ገንዘብ ከሄደበት አይጠራም፤
ጠፍሩ ግን ያረጀው በሳምንቱ ሁሉ ነው።
ስለ ጠፍሩ ተከራከሩ።»

ኦዴል ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ባርኔጣውን እያሸ፦
«ሰንበትን ባከብር ኖሮ፣
ጋጣዬም በሰነበተ።»
ይኸው ነው ያለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።
አሁን በሩ ላይ «እሁድ ዝግ ነው» ይላል፤
ቢስኪት በአጥሩ ጥግ ያለ ኮርቻ ይግጣል።

እኔ የእንጨት መጋዘን ደረሰኝ እጽፋለሁ፤
ቀኑን ከመሙላቴ በፊት ግድግዳውን አያለሁ።
ስለዚያ ጠፍር
«እሺ» ያልኩበትን ቀን ግን
ከዳኛውም ከጠበቃውም የጠየቀኝ አልነበረም።
ቅዳሜ ነበር።
የቅዳሜ ቃል ይጸናል።