የማውቀው ቀዳዳ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በስም አልደለልም፤
አንገቱ ላይ ያለ ጽሑፍ ብርድ አይከልልም።
ገልብጬ ነው የማይ፣ የውስጡን መጋጠሚያ፣
ክሩን፣ ትርፍ ጨርቁን፣ የጫፉን መቋጠሚያ።

ነገሩ የመክብብ ነው። አንድ ማታ ድንገት
«ጎማ ያለው ጎጆ ይኑረን» አለኝ፣ «እንሂድበት፤
ትምህርት ሲዘጋ፣ ሻንጣ ሳንዘጋ፣
ላንጋኖ፣ ዲንሾ፣ አርባ ምንጭ፣ ሳንከራይ አልጋ።»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰማይ ይከፈታል፤
ይህን መክብብ ረስቶታል።

ስለዚህ ቅዳሜ በአዳማ ጋራዦች
ሦስት መኪና ልናይ ወጣን አምስት ተጓዦች፦
መክብብ ከነኮፍያው፣ እኔ ከነሜትሬ፣
ሲፈንና ኪሩቤል፣ በጀርባዬም ፍሬ።

መጀመሪያ አባዱላ፣ ነጭ፣ እንደ ሙሽራ።
ደላላው ሸዋንግዛው ዞረው በኩራት፣ በተራ፤
«ቶዮታ ነው» አለን፣ «ቶዮታ ነው እቴ!»
ሌላ አልጨመረም፤ ደገመው አራቴ።
መክብብ ስሙ በቃው። እኔ ግን ያን ማግኔት፣
የወደቀ መርፌ የምለቅምበትን፣ ጎኑ ላይ ለጠፍኩት።
በሩ ያዘው፣ ጠበቀው። ከኋላ ጎማው በላይ
ሸርተት ብሎ ወደቀ፦ ስቱኮ ነው፣ ብረት መሳይ።

ሁለተኛው የጀርመን፣ ረጅም፣ ከነአልጋው፣
ከነምድጃው፣ ከነሽንት ቤቱ፣ ከነዋጋው።
ልጆቹ ወጥተው ወረዱ፣ ጮኹ፣ ተደሰቱ፤
ስንት መሳቢያ አለው! ሲዘጉ ሲከፍቱ።
አልጋውን ለካሁት፦ መቶ ሰባ።
መክብብ መቶ ሰማንያ አምስት፤ እግሩ የት ይግባ?
የመሳቢያው እንጨት የተጫነ ወረቀት፣
ዝናብ ሳይነካው አብጧል በአዳማ ሙቀት።
«መስታወቱ ቢሰበርስ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ይመጣል» አለ፤ ከየት ግን ራሱም አላወቀው።

ሦስተኛው ቅጥቅጥ ነው፦ ከታች አይሱዙ፣ ከላይ የአዳማ፤
መልኩ አያድርስ ነው፤ አፍንጫው ጎራዳ፣ ቀለሙ ጨለማ።
ሸዋንግዛው ራሱ ሊያሳየን አፈረ፤
«ይሄ እንኳ የሽንኩርት ነው» ብሎ ተናገረ።
ወንበሩ ስር ገብቼ ብየዳውን ዳበስኩ፤
እንደ ስፌት ነው፤ በጣቴ እየሄድኩ ቆጠርኩ፦
እኩል፣ ጥብቅ፣ ጫፉ ላይ የተመለሰ፤
አንድ ቦታ ብቻ እጁ የታከተ፣ ሻይ ጠጥቶ የተመለሰ።
«ማነው የሠራው?» «ዋቅጅራ።» «የት ነው ያለ?»
«ከሁለት በር በኋላ፤ ያ መዶሻ የእሱ ነው» አለ።

ግን ብረት አይበቃኝም። ላቫጆ ወሰድናቸው፤
በየተራ ገባንና መስኮቶቹን ዘጋናቸው።
«ጣራው ላይ ልቀቀው» አልኩት አጣቢውን ልጅ፣
«ሐምሌን አምጣልኝ፤ ካፊያ አይደለም፣ ጎርፍ እንጂ!»
አባዱላው በመስኮቱ ጥግ አለቀሰ፣
ጀርመኑ በጣራ መስኮቱ አፈሰሰ፣
ሸዋንግዛው ሳይታጠብ በላብ ራሰ።

ቅጥቅጡ ውስጥ ግን ድምፅ ብቻ ነበር፤
ውኃው በቆርቆሮው ላይ ሲሮጥ፣ ሲሰበር።
አምስታችንም ዝም። ሲፈን እጄን ያዘች።
ስትነጫነጭ የዋለችው ፍሬ ተኛች።
ከዚያ ጠብ! አንዲት ጠብታ፣ መክብብ ኮፍያ ላይ።
ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ እሱ ቀና ብሎ ሲያይ
የልብስ ጠመኔዬን ከኪሴ መዘዝኩና
ጣራው ላይ ክብ አሰመርኩ፣ በሁለት ጣት ቆምኩና።
«ያፈሳል እኮ!» አለኝ።
                              «አዎ፣ እዚህ ጋ። ይታወቃል።
ነገ በዋቅጅራ እጅ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።
የሌሎቹ የት የት እንደሆነ ገና የሚመጣ ዕዳ፤
ከማላውቀው ጥራት የማውቀው ቀዳዳ።»

ቀብድ ሰጠን። ቀሪው ከዕቁቡ፣ ዕጣው ሲወጣልን፤
እስከዚያ ሸዋንግዛው በየሳምንቱ ሊደውልልን።

ማታ መብራት ሳጠፋ መክብብ ቅር ብሎት ተገላበጠ፤
«ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ማርካ እንኳ የለው!» ብሎ አፈጠጠ።
«ዋቅጅራ ሰኞ ይጀምራል መቶ ዘጠና አልጋ፤
ማርካህን ተወውና እግርህን ዘርጋ።»