ለእንግዳ

ከሸዋ ሮቢት ላይ በአይሱዙ ተንጠልጥዬ፣
ወደ መንዝ ወጣሁኝ ስም ልለምን ብዬ።
ቤታችን ሲያወራ፣ "አባታችን እንግዳ
ከጓሳ ዳር ተነሥቶ ወርዶ ቆላ ሜዳ፣
ዝንጀሮ አባሮ፣ ግራሩን መንጥሮ፣
ከወባ ተናንቆ፣ ድንጋዩን ቆፍሮ
ይህን አገር አቀና" ነው የሚል ተረቱ፤
"ማን ነበር ከፊቱ?" ስል ዝም ይላል ቤቱ።

መሪጌታ ላቀው በክር የታሰረ
መነጽር አጥልቀው፣ ዳሩ የጠቆረ
ወንጌል ገለጡልኝ፦ "ከወንድሙ ተጣልቶ
በአንድ በሬ ሰበብ፣ ወረደ ተቆጥቶ።"
"ስሙስ?" ብል፣ ጣታቸው ከዳሩ ዐረፈ፤
ብል በልቶት ስሙን ቀዳዳው ተረፈ።

ቁልቁል ተመለስሁኝ።
ቀወት፣ ከማሽላው ማማ ላይ ሆነው
ሼህ ኑርዬ አርጎባው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው፣
ሰሙኝና ሳቁ። "የኛም አባት" አሉ፣
"ነግሮን ነበር ይህን፤ ስማ እንደ ውሉ፦
አንድ በጭቃ የራሰ መጣና ከደጋ፣
'ክረምቱን ላሳልፍ' ብሎ ከኛ ተጠጋ።
ለእንግዳ ሰጠነው ከምንጭ እስከ ዋርካ፣
እስኪያጭድ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ለካ?"

ለእንግዳ።
ስም ይሁን፣ ወይ እንዲያው በር ያንኳኳ ሰው፣
ሼሁም አላወቁ፤ ብሉም አልመለሰው።
ደብተሬ ላይ ያለው "አቀና" የሚል ቃል
ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ይጎብጣል።
ልሰርዘው ብዬ እስኪርቢቶ ሳነሣ
"እንግዳዬ፣ ጠጣ" ብለው ውሃ ሰጡኝ በጣሳ።

ወንጭፉ ጮኸና ወፎቹ ተነሡ፣
ከሳቸው ማሽላ ወደ እኛው ፈሰሱ።