ዝም ያለ በረዶ

የክረምት ትምህርት ነው፤ ፒያሳ፣ ከሰዓት፤
መምህር አጥናፉ፣ ጠመኔ ባነጣው ጣት፣
የሩቅ አገር ግጥም ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦
ወፎቹ የሉም፤ ቅጠል አልባ ዛፉ፤
በረዶው ዝም ብሎ ሌሊቱን ሲወርድ
ይሸፍናል አሉ ደጅ ከነመንገድ።

ሳቅን።
«ዝም የሚል በረዶ የት አገር ነው ያለው?
የኛውስ ቆርቆሮ የሚደበድብ ነው!»
አለች እቴነሽ ከኋላ ወንበር።
እሳቸውም እኮ አይተውት አያውቁም ነበር።

ሃያ ዓመት አለፈ።
ትናንት አመሻሽ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣
ጠጠሩን ዘረገፈው የተቆጣ ሰማይ፤
ስንቱን የመኪና መስታወት ሰነጠቀ፤
ሊስትሮው ሳጥኑን ራሱ ላይ ደፍቶ ተደበቀ፤
ከዚያ በድንገት አለቀ።

አለቀና፣ ነጣ።
ከፖስታ ቤት እስከ ማዘጋጃ ዳገቱ ነጣ።
ወያላ አልተጣራ፣ ክላክስ አልተነፋ፤
ጃካራንዳው ረግፎ ወፉ ሁሉ ጠፋ።
የፎቶ ቤት በር ላይ እንደተጠለልኩ
ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ሰማሁ።

ስልክ መታሁላቸው።
«መምህር፣ ገባኝ እኮ፤ ያ የበረዶው...»
«ቆይ» አሉኝ፤ «እኔም በረንዳ ላይ ነኝ።
ዝም በል እስቲ ልጄ፤ ልስማው።»