ኅዳግ

ወንድሜ ስሙን ቆረጠ።
ወረዳ ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ቅጽ ሞልቶ፣
ከ«ብርሃነሥላሴ» ላይ «ሥላሴ»ን አስወጥቶ፣
«ብርሃነ» የሚል መታወቂያ ይዞ መጣ፣
ፕላስቲኩ ገና ሳይበርድ፣ ከማሽኑ እንደወጣ።

እኔ አራሚ ነኝ። አራት ኪሎ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ነው ኑሮ።
«ዘርፍ ጎደለው» አልኩት፤ «በግእዝ 'ብርሃነ' ካልክ
የማን እንደሆነ ሳትነግር አየር ላይ ሰቀልክ።»
ሳቀ። «የማንማ እንደሆንኩ መጽሐፉ ይናገር፤
'ሥላሴ' የሚል ቃል አሳየኝ፣ አንድ መስመር።»

ቃሉ የለም። አውቃለሁ።
ብታገላብጥ ከኦሪት እስከ ራእይ፣
ሦስት አለ፣ አንድ አለ፤ «ሥላሴ» ግን አይታይ።

የሐምሌ ሰባት ዋዜማ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፣
ፉል ቤት ውስጥ እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ እሱ ያነባል።
የኔታ ያስተማሩንን አነሣሁ፤
ፀሐይን፣ ክበቧን፣ ብርሃኗን፣ ሙቀቷን፣
ልብን፣ ቃልን፣ እስትንፋስን።
«ምሳሌ» አለ፣ የሣህኑን ዘይት በዳቦ እየጠረገ።
«ፀሐይ ጥቅስ አይደለችም።»

ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ አሳረፈ፣
በድሮው ኅትመት፣ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት ተብሎ በተጻፈ።
«ይኼስ?» አለኝ።
መዋሸት እችል ነበር።
እናታችን ይህችን መስመር በቃሏ ይዛታለች፤
ሌሊት ጉልበቷን ሲቆረጥማት ደጋግማ ትላታለች።
ሥራዬ ሆኖ ግን ኅዳግን አውቃለሁ።
አንድ ደግ ጸሐፊ ከጥቅሱ ዳር ማስታወሻ ይጥላል፤
የሚቀጥለው ገልባጭ «ተዘልሎ ነው» ብሎ መሐል ይከተዋል።
ክፋት የለውም። ፍቅር ነው ያስገባው።
«በጥንቶቹ ቅጂዎች የለም» አልኩት።
«የለም» ስል ከንፈሬ ቀዘቀዘኝ፤
ወንድሜ አልፈነጠዘም። ሻይ አዘዘልኝ።

ከዚያ ተራ በተራ ተወራወርን።
እኔ ዮርዳኖስን፤ አንዱ ከውኃው፣ ድምፁ ከላይ፣ ርግቧ መሐል።
እሱ «ራሱ 'አብ ይበልጠኛል' ያለውን ማን ይሰርዘዋል?»
እኔ «ሦስቱ ሲጠሩ 'በስም' ነው፣ 'በስሞች' አይልም።»
እሱ «ሦስት ሸሪክ በአንድ ማኅተም ቢፈርም አንድ ሰው አይሆንም።»
ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።
ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።

በማግሥቱ እናታችንን ይዘን ወደ ካቴድራሉ ወጣን።
ወንድሜ ጃንጥላውን እሷ ላይ ዘርግቶ
እስከ አጥሩ ሸኛት፤ እዚያ ቀረ፣ ከበሩ ዳር ተጠግቶ።
«ብርሃነሥላሴ፣ ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ» አለችው።
መታወቂያውን አላሳያትም።

ውስጥ የአብርሃም ድንኳን ተነበበ፤ ቀትሩ፣ ዛፉ።
ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን በሥራ ጆሮዬ ሰማሁት።
እግዚአብሔር ተገለጠለት ይላል፤ ቀና ሲል ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤
ሽማግሌው ሮጦ፣ ሰግዶ፣ «በፊትህ» ይላል፣
ትንፋሽ ሳይወስድ «እግራችሁን» ይላል።
«አሉት» ብሎ የጀመረው ወዲያው «አለው» ይላል።

ጀማሪ ደራሲ ቢያመጣልኝ በቀይ አከብበው ነበር፦
«ቁጥር አይስማማም። አንድ ነው ወይስ ሦስት? ይወሰን።»
ስንት ገልባጭ፣ ስንት ስለታም ዐይን አየው፤
ኮማ የማይምር እጅ ሁሉ እዚህ ሲደርስ
ብዕሩን አንሥቶ አለፈው።

ማስረጃ ነው? እንጃ።
ወንድሜ ብነግረው ቀጣዩን ምዕራፍ ይከፍታል፣
«ሁለቱ መላእክት ናቸው፣ ያውልህ» ይላል።
እንዲያም ይነበባል። አልክደውም።
ቃሉ የለም፤ ኅዳጉም ኅዳግ ነው።
ያ ያልታረመ ነገር ግን
እዚያው አለ፣ ቀለሙ እንደ ረጠበ።

ስንወጣ ወንድሜ አጥሩ ሥር ቆሟል፣ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሶ፣
ጃንጥላውን አጥፎ፣ ብብቱ ሥር ወትፎ።
«ውስጡ ለሷ እንዳይርስ ብዬ ነው» አለ።
ዘረጋው። እሷን አስገባ።
«ምን አነበቡ?»
«'እግራችሁን ታጠቡ'» አልኩት።
ጫማውን አየ። ጭቃ ነው።
ከዚያ የኔን አየ።