የፔሎ ድንጋይ

ድንጋይ ዳቦ ሳለ አይደለም ነገሩ፤
ድንጋይ ድንጋይ ሳለ፣ በባስኮች መንደሩ።

አሪታ ሙዚየም፣ ከመስታወቱ ውጭ፣
ድንጋዩ ወለል ላይ ብቻውን ብሏል ቁጭ።
መቶ ዘጠና ነው፣ ይላል ካርዱ፣ ኪሎ፤
ለአሥራ አንድ ጊዜ አንስቶታል ፔሎ።
ደረት የነካው ጎን ለስልሷል እንደ ቆዳ፤
ይዳስሰዋል መጥቶ አገሬው፣ እንግዳ።

ጠባቂዋ ኢዶያ ካርዱን አየት አርጋ፣
«አምስት ነበር ድሮ፤ ሁለቱን ቄስ ጨምረው፣
አራቱን ከንቲባው፣ ለቱሪስት ፍለጋ፤
የአባቴን ሕመም ግን ማን ከቶ ቆጠረው?
በበዓሉ ማግሥት፣ አልጋዬ ላይ ነቅቼ፣
‹አባ፣ አንሳኝ› አልኩት እጆቼን ዘርግቼ።
ጎንበስ አለ። ቀረ። ላብ ወረደው ፊቱን።
‹እናትሽን ጥሪ› አለኝ፣ ሲያዞር አንገቱን።»

ሎሚው ድንጋይ ሆኖ ተረቱ ሠመረ፤
ለሃምሳው ሰው ጌጥ ነው፣ ሸክሙ ለአንዱ ቀረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱን አጥፍታ፣
ወጣች፤ አልቆለፈች፣ በሩን ገርበብ ትታ።
«ሌባ ቢመጣስ?» አልኳት።
«ያንሳዋ፣
ከቻለ።»