ሳይውል ሳያድር

ከኮምቦልቻ ተሳፍራ፣ ሐረጎን በጭጋግ ወጥታ፣
ፒያሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመች በራችንን አንኳኩታ።
ሉባባ ነው ስሟ፤ የክር ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ፣
በእጇ የደመወዝ ወረቀት፤ ሒሳቡን ያሰላነው እኛ።
«ነሐሴ ሠላሳ አለ፤ መስከረም አንድም አለ፤
መሐል የሠራሁት አምስት ቀን ወዴት ኮበለለ?»

መልስ አልነበረንም። ፕሮግራሙን የጻፍነው ሦስት ሆነን፣
ጦይባ ፈረቃውን፣ እንድሪስ ክፍያውን፣ እኔ የቀን ቆጠራውን፣
ሁለት ወር ለየብቻችን፤
ከዚያ በአንድ ዓርብ ሌሊት እንደ ድሪቶ ጣጥፈን።
የማን እራፊ እንደ ለቀቀ ሁላችን ጠርጥረን ነበር፤
ግን ይሉኝታ አለ፤ ጦይባ የእንድሪስን ላትናገር፣
እንድሪስ ለእኔ ሲሳሳ፣ እኔ ሻዬን ሳማስል፣
ስህተቱ አብሮን ከረመ፣ እንደ እንግዳ ሲቀማጠል።

ያን ማታ ከመደርደሪያ ስክሪኑ የተሰነጠቀ
አሮጌ ላፕቶፕ አወረድን፣ ወገቡን በፕላስተር የታጠቀ።
«አንተ ይሉኝታ የለህም» አልነው፤
«ማንም መስመር በላከ ቁጥር፣ ሳይውል ሳያድር፣
አዋህደህ፣ ገንብተህ፣ ፈትነህ፣ ፊት ለፊት ተናገር።»
የመጀመሪያዋን ፈተና እኔ ጻፍኳት፤ አጭር ናት፦
ጳጉሜን አምስት ቀን ሠርታለች፤ የአምስት ቀን ክፈላት።
ስሟን «ሉባባ» አልኳት።

መብራት ሁለቴ ሄደ። ባትሪው የሞተ ነውና
ሁለቴ ከሀ ጀመረ።
ከታች ካለው ፎቶ ቤት በረዥም ገመድ ጀነሬተር ተዋስን።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፦ ቀይ።
«አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ይላል፤
ከሥሩ የመስመሩ ቁጥር፤ ከቁጥሩ ጎን የጸሐፊው ስም፤
የእኔ ነበር። እንድሪስ አየ። ጦይባም።
ማንም አልተቆጣም፤
እንድሪስ ብቻ፣ «እኔኮ ክረምቱን ሙሉ የእኔ መስሎኝ እንቅልፍም…»
ብሎ አልጨረሰውም።

ሲነጋ፣ ጦሳ ከደመናው ትከሻውን ሲያወጣ፣
መስመሩ ታርሞ፣ አረንጓዴው በርቶ፣ የስም ዝርዝሩ መጣ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሰው፣ አምስት አምስት ቀን ያጣ።

አሁን እንድሪስ የአንዲት ቁልፍ ቀለም ቢቀይር እንኳ፣
ጦይባ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብትሰርዝ፣
ያ ወገቡ የታሸገ ማሽን ከጠረጴዛው ሥር ያጓራል፤
በኅዳር፣ በሚያዝያ፣ ጳጉሜን ማንም ሳያስታውሳት፣
መጀመሪያ የሚጠይቀን ያንኑ ነው፦
«ሉባባ ተከፈላት?»